አትሪቢዩት ሲወረስና ሲሻር

አንድ የማሽን ጥገና መመሪያ ከኤክስኤምኤል (ጽሑፍን በምልክቶች ከፋፍሎ ከሚያስቀምጥ ቅርጸት) ወደ ኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ ቅርጸት) በኤክስኤስኤልቲ፣ ማለትም ኤክስኤምኤልን ወደ ሌላ ቅርጸት በሚቀይር ቋንቋ፣ እየቀየርኩ ነበር። ዋናው ኤለመንት (የሰነዱ ክፍል) «መመሪያ» ሁኔታ="የጸደቀ" የሚል አትሪቢዩት (በኤለመንቱ ላይ የሚጻፍ ስምና እሴት) አለው። አንዱ «ምዕራፍ» ግን ገና ስላልታየ ሁኔታ="ረቂቅ" ይላል። አንቀጾቹ የራሳቸው የላቸውም፤ ከላይ ይወርሳሉ። ውጤቱን ስከፍተው የረቂቁ አንቀጾች በሙሉ «የጸደቀ» ሆነው ወጡ። ማንም ያላረጋገጠውን የጥገና መመሪያ ጸድቋል ማለት ሰው ያስጎዳል። ደነገጥኩ።

ጥፋቱ እዚህች መስመር ላይ ነበር (የትእዛዞቹን ስም በአነባበባቸው ነው የጻፍኩት፤ ኮዱ ውስጥ በላቲን ፊደል ይግቡ)፦

አንሴስተር-ኦር-ሴልፍ::*/@ሁኔታ

ይህ ከአንቀጹ እስከ ላይኛው ኤለመንት ያሉትን ሁኔታዎች ሁሉ ይሰበስባል። በኤክስኤስኤልቲ 1.0 ቫልዩ-ኦፍ (እሴቱን ወደ ውጤቱ የሚያወጣ ትእዛዝ) የሚጽፈው በሰነዱ ቅደም ተከተል ቀድሞ የመጣውን ብቻ ነው፤ ማለትም የላይኛውን። 2.0 ደግሞ «የጸደቀ ረቂቅ» ብሎ ሁለቱንም ይጽፋል። ቢያንስ ስህተቱ ዓይን ውስጥ ይገባል። እኛ የምንፈልገው የቅርቡን ነው፦

አንሴስተር-ኦር-ሴልፍ::*[@ሁኔታ][1]/@ሁኔታ

እዚህ ቆጠራው ከራሱ ከአንቀጹ ተነስቶ ወደ ላይ ይሄዳል። ስለዚህ 1 ማለት አትሪቢዩቱ ያለው የቅርብ ኤለመንት ነው። አደራ፣ መንገዱን በክብ ቅንፍ ከባችሁ [1]ን ከውጭ አታድርጉ። ያኔ ቆጠራው ወደ ሰነዱ ቅደም ተከተል ይመለስና ያው የላይኛው ይመጣል።

መሻር ይቀላል። መጀመሪያ በኮፒ-ኦፍ @* (@* ማለት ሁሉም አትሪቢዩቶች) ነባሮቹን ቅዱ፤ ከዚያ አዲሱን በኤክስኤስኤል:አትሪቢዩት ጻፉ። ስማቸው አንድ ከሆነ የኋለኛው ያሸንፋል። ብትገለብጡት ነባሩ አዲሱን ይሽረዋል፤ መነሻ እሴት ለመስጠት ስትፈልጉ ይህም ይጠቅማል። ሁሉም ግን ከጽሑፉና ከልጅ ኤለመንቶች በፊት መጻፍ አለበት።

ብዙ ሰው ለመሻር @ሁኔታን የሚይዝ ቴምፕሌት (ለአንድ ዓይነት የሰነድ ክፍል የሚሠራ ደንብ) ይጽፋል። አትሪቢዩቱ ካለ ጥሩ ይሠራል፤ ሁለት ቴምፕሌቶች ሲጋጩ ቅድሚያው ከፍ ያለው ይሠራል፣ የዚህም 0 ስለሆነ −0.5 የሆነውን @* ይበልጣል። እንደኔ አንቀጾች አትሪቢዩቱ ከሌለ ግን ቴምፕሌቱ ጭራሽ አይጠራም። ስለዚህ እኔ ሥራውን የምሰጠው አንቀጹን ራሱን ለሚይዘው ቴምፕሌት ነው፦ ኤለመንቱን እቀዳለሁ፣ @*ን አስከትላለሁ፣ በላዩ የወረሰውን ሁኔታ እጽፋለሁ፣ ልጆቹን መጨረሻ እጠራለሁ። አንቀጹ የራሱ ሁኔታ ቢኖረው እንኳ «ሴልፍ» ስላለበት የራሱ ይጸናል።

ስትሞክሩት ሦስት ደረጃ ያለው ሰነድ ተጠቀሙ፤ መሀለኛው ደረጃ አንድ ቦታ አትሪቢዩት ይኑረው፣ ሌላ ቦታ አይኑረው።