የሬዲዮአክቲቭ ግማሽ ዕድሜን በፊኛ እንዴት መለካት ይቻላል?

ሬዲዮአክቲቭ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የቼርኖቤል የኒውክሌር ጣቢያ አደጋ ነው። ነገሩ ግን እቤታችንም አለ። አፈርና ድንጋይ ውስጥ ያለው ዩራኒየም ቀስ በቀስ ሲፈራርስ ሬዶን የሚባል ጋዝ ይፈጠራል። ጋዙ በወለል ስንጥቅ ገብቶ በማይናፈስ ምድር ቤት ይጠራቀማል። እሱም በተራው ሲፈራርስ እንደ እርሳስ-214 እና ቢስሙት-214 ያሉ ሬዲዮአክቲቭ አቶሞችን አየር ላይ ይተዋል። የምንለካው የእነሱን ግማሽ ዕድሜ ነው፤ ማለትም ግማሾቹ እስኪፈራርሱ የሚፈጀውን ጊዜ።

የሚያስፈልገው ጋይገር ቆጣሪ (ጨረር የሚቆጥር መሣሪያ)፣ የጎማ ፊኛ፣ ክር፣ የሱፍ ሹራብ፣ ሰዓትና ደብተር ነው።

1. መጀመሪያ ባዶውን ቁጠሩ። ፊኛው ሳይኖር ቆጣሪውን ከፍታችሁ 10 ደቂቃ ተዉት። ድምሩን ለ10 አካፍሉ። ጠቅ ጠቅ ማለቱ አይቀርም፤ አትደንግጡ። ከመሬት፣ ከግድግዳና ከህዋ የሚመጣ ጨረር ነው። ከህዋ የሚመጣው ከፍታ ሲጨምር ስለሚበዛ፣ አዲስ አበባ ላይ ከጅቡቲ የበለጠ ይደርሳችኋል።

ለምን 10 ደቂቃ? የትኛው አቶም መቼ እንደሚፈራርስ ማንም አያውቅም፤ ስለዚህ ቁጥሩ ከደቂቃ ደቂቃ ይዋዥቃል። የመዋዠቁ መጠን የቁጥሩ ስኩዌር ሩት ያህል ነው። 100 ከቆጠራችሁ 10 ያህል፣ ማለትም 10 በመቶ ሊዛነፍ ይችላል። 10,000 ከቆጠራችሁ ግን መዛነፉ ወደ 1 በመቶ ይወርዳል። የአንድ ደቂቃ ንባብ አይታችሁ ምንም አትደምድሙ።

2. ፊኛውን ስቀሉ። ንፉትና በሹራቡ ደህና አድርጋችሁ እሹት። ከዚያ በተዘጋ ምድር ቤት፣ ምንም ሳይነካው፣ ለአንድ ሰዓት ያህል በክር አንጠልጥሉት። ሲታሽ ኔጌቲቭ ቻርጅ ስለሚይዝ እነዚያን አቶሞች ወደ ራሱ ይስባል።

3. ቶሎ ብላችሁ ለኩ። አየሩን አስወጡና የተኮማተረውን ፊኛ ከቆጣሪው ጋር አጠጉት። ከዚህ በኋላ ፊኛውም ቆጣሪውም ንቅንቅ አይበሉ፤ ርቀቱ ትንሽ ከተቀየረ ቁጥሩ ይበላሻል። በየ5 ደቂቃው ያለውን ድምር ለአንድ ሰዓት ተኩል መዝግቡ። ሲጨርሱ እጅ መታጠብ ነው።

4. ባዶውን ቀንሱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ባዶው በደቂቃ 20 ቢሆንና ፊኛው ሲጠጋ 200 ቢያሳይ፣ የፊኛው ድርሻ 180 ነው። የዚህ ግማሽ 90 ነው። ስለዚህ የምትጠብቁት መሣሪያው 100 ሲያሳይ ሳይሆን 110 ሲያሳይ ነው።

5. ግራፍ ላይ አስቀምጡ። ሰዓቱን ወደ ጎን፣ የቀነሳችሁትን ቁጥር ወደ ላይ አድርጉ። በነጥቦቹ መሃል የሚያልፍ ለስላሳ መስመር ስትስሉ ቁጥሩ በግማሽ የወረደበት ጊዜ ይታያችኋል። ከ30 እስከ 50 ደቂቃ አካባቢ ይሆናል። ፊኛው ላይ ያለው ድብልቅ ስለሆነ የአንድ ነገር ንጹህ ግማሽ ዕድሜ አይደለም፤ የእርሳስ-214 27 ደቂቃ፣ የቢስሙት-214 ደግሞ 20 ደቂቃ ያህል ነው።

ሁለት ግማሽ ዕድሜ ሲያልፍ ነገሩ ያልቃል ማለት አይደለም። ሩብ ይቀራል። ከሦስት በኋላ ስምንተኛ፣ ከ10 በኋላ ከሺህ አንድ ገደማ። ለዚህ ነው ግማሽ ዕድሜው 8 ቀን የሆነው አዮዲን-131 በወራት ሲጠፋ፣ በ1986 እ.ኤ.አ. ቼርኖቤል ዙሪያ የተበተነው፣ ግማሽ ዕድሜው 30 ዓመት የሆነው ሲዚየም-137 ግን እስከ ዛሬ አፈሩ ውስጥ ያለው። ማሞቅም ማቀዝቀዝም ይህን ፍጥነት አይለውጠውም።

ቁጥሩ ከባዶው እምብዛም ካልበለጠ ክፍሉ በደንብ ይናፈሳል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ወይም አየሩ እርጥብ ስለሆነ ፊኛው ቻርጁን አልያዘም። በደረቅ ቀን፣ በሩንና መስኮቱን ከማታ ጀምራችሁ ዘግታችሁ እንደገና ሞክሩት።