ልጁ ለራሱ ሲያወራ ዝም አታሰኙት

የአራት ዓመት ልጅ ቡና ሊለቅም ሰፌድ አጠገብ ቁጭ ብሎ «ይሄ ጥቁር... እዚህ። ይሄ ደህና ነው... ኧረ አይደለም፣ ተሰብሯል» ይላል። የሚያወራው ለራሱ ነው። «ደግሞ ከማን ጋር ነው የምታወራው?» ተብሎ ሲሳቅበት አፍሮ ዝም ይላል፤ ለቀማውም ይዘበራረቅበታል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሌቭ ቪጎትስኪ በ1934 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው ልጅ በዚህ ንግግር ሐሳቡንና እጁን ይመራበታል። ከ3 እስከ 5 ዓመት ጎልቶ ይሰማል፤ ከ6 እና 7 ዓመት ወዲህ ማጉተምተም ይሆንና ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ይገባል።

ጅማ ላይ መለማመጃው ከቤት አይጠፋም። ቡናው ከመቆላቱ በፊት አንድ እፍኝ ጥሬ ቡና ሰፌድ ላይ አፍስሱለት፣ ሁለት ሲኒ አቅርቡለት፦ አንዱ ለደህናው፣ አንዱ ለእንከናሙ። አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። (ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ ፍሬው ሊያንቀው ስለሚችል ይቅርበት።) ፊት ለፊቱ ሳይሆን ጎኑ ተቀመጡ፤ ፊት ለፊት ከሆናችሁ ወሬው ወደ እናንተ ይዞራል።

ከዚያ ቃሉ መቼ እንደሚመጣ አዳምጡ። መጀመሪያ ከሥራው በኋላ ነው፦ «ተሰብሮ ነበር»። ቆይቶ እየሠራ ይናገራል። «መጀመሪያ ጥቁሮቹን ላውጣ» ካለ ግን ማቀድ ጀምሯል፤ ትልቁ ለውጥ እሱ ነው። ጭራሽ ዝም ካለ ምናልባት ሥራው ቀሎታል፣ የተሰበረ ጨምሩበት። ከተነጫነጨ ወይም ከበተነው ከብዶታል፣ እፍኙን በግማሽ ቀንሱለት።

አስቸጋሪው «አልችልም» ሲል ነው። ደጋግሞ ለራሱ እንዲህ የሚል ልጅ ቶሎ ይተዋል። «ትችላለህ!» ብሎ ማለፍ አይረዳውም፣ ነጥቆ መሥራትም ይብስበታል። አንድ ፍሬ አንሱና ድምፅ አውጥታችሁ አስቡ፦ «ቆይ፣ ላገላብጠው... አሃ፣ ነቀዝ በልቶታል። ወደዚህኛው ሲኒ።» ሁለት ሦስት ፍሬ ይበቃል፤ ከዚያ ዝም በሉ። በሌላ ቀን «ቆይ፣ ላገላብጠው» ሲል ከራሱ አፍ ትሰሙት ይሆናል። ስታመሰግኑም «ጎበዝ!» ብቻ አትበሉ፤ «አገላብጠህ ስላየኸው አገኘኸው» በሉት። ሲሳሳት የሚይዘው ዘዴ ይኖረዋል።

በቋንቋው አትግቡበት። ከአያቱ ጋር በኦሮምኛ፣ ከጎረቤት ጋር በአማርኛ የሚያድግ ልጅ «ሂን ዳንደኡ» (አልችልም) ብሎ ጀምሮ በአማርኛ ቢጨርስ ምንም አይደለም፤ መሐል ገብቶ ማረም ግን ሐሳቡን ይቆርጥበታል።

የአንደኛ ክፍል መምህርም ቢሆን፣ ሲደምር ከንፈሩ የሚንቀሳቀሰውን ልጅ እንደ ረባሽ አይቁጠረው። «ዝም!» ሲባል ብዙ ጊዜ የደረሰበት ቁጥር ይጠፋበታል፤ እንደገና ከአንድ ይጀምራል።