በማይንክራፍት ጥጃና ግልገል በደህና እንዴት ያድጋሉ? በረቱን ከማጠር ጀምሮ

ማይንክራፍት በተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ አንዲት ጥጃ ተወልዳ ላም እስክትሆን 20 ደቂቃ ይፈጅባታል። በጨዋታው አቆጣጠር ይህ አንድ ሙሉ ቀንና ሌሊት ነው። በፒያሳና በአራት ኪሎ ጌም ቤቶች ቅዳሜ ከሰዓት የሚሰበሰቡ ልጆች ሲጫወቱ ሳይ ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ፤ ሁለት ላም እንዳገኙ ስንዴ አብልተው ያራባሉ፣ አጥሩን ግን ለነገ ይላሉ። ጥጃዋ ገደል ትገባለች ወይም ከእናቷ ጋር ተያይዛ ጫካ ውስጥ ትጠፋለች። የምመክረው ነገር አጭር ነው፦ በረቱ ከጥጃዋ ይቅደም።

ነገሩን ከቁም ነገር የምቆጥረው በምክንያት ነው። ኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ የሚያድግ የአዲስ አበባ ልጅ በግ የሚያየው ለበዓል ሲገዛ ነው። ደረጃ ሥር ታስሮ አንድ ሁለት ቀን ሣር ያበላዋል፣ ከዚያ ይታረዳል። አንድ እንስሳ ሲወለድ ጀምሮ አጠገቡ ሆኖ የማሳደግ ዕድል የሚያገኘው ምናልባት በዚህ ጨዋታ ብቻ ነው። በደንብ ሊማረው ይገባል።

አንደኛ፣ በረቱን ሥሩ

ሜዳ የሆነና ሣር ያለበት ቦታ ምረጡ። ውስጡ 7 በ7 ብሎክ (የጨዋታው ዓለም የተሠራበት ኩብ) የሆነ በረት ለመጀመሪያ ጊዜ በቂ ነው። ዙሪያውን ለማጠር 31 አጥርና 1 የአጥር በር ያስፈልጋችኋል። ይህን ሁሉ ለመሥራት 15 ግንድ ይበቃል፤ ግንዱ ግን ከአንድ ዓይነት ዛፍ የተቆረጠ ይሁን። አንዱ ግንድ 4 ሳንቃ ይወጣዋል፣ 4 ሳንቃና 2 በትር (ከሳንቃ የሚሠራ ስቲክ) ደግሞ 3 አጥር ይሆናሉ።

አጥሩ ሲታይ የአንድ ብሎክ ቁመት ያለው ይመስላል፤ ጨዋታው ግን እንደ አንድ ብሎክ ተኩል ስለሚቆጥረው ላምም በግም ዘለው አያልፉትም። ይህ የሚሠራው መሬቱ እኩል ከሆነ ነው። ከአጥሩ ጋር የተጠጋ ጉብታ ወይም የተረሳ አንድ ብሎክ ካለ እንስሳው እሱ ላይ ወጥቶ በቀላሉ ይሻገራል። ስለዚህ ከማጠራችሁ በፊት መሬቱን ደልድሉት። በውስጡ ያለውን ሣር ግን አትንኩት፤ የበግ ግልገል መሬት ላይ ያለውን ሣር ስትግጥ በራሷ ቶሎ ታድጋለች።

ከተኩላም ከመብረቅም በላይ እንስሳ የሚያሳጣው ያልተዘጋ በር ነው። ስንዴ በእጃችሁ ይዛችሁ ስትገቡ ከብቱ ሁሉ ወደ እናንተ ይጎርፋል፣ በሩ ላይ ይጨናነቃል፣ ግማሹ ይወጣል። ለዚህ ጥሩ መላ አለ። ከአጥሩ ምሰሶዎች በአንዱ ጫፍ ላይ አንድ ምንጣፍ አንጥፉ። እናንተ ምንጣፉ ላይ ዘላችሁ ትገባላችሁ፣ ዘላችሁ ትወጣላችሁ፤ እንስሳቱ ግን አይችሉም። ከሁለት ሱፍ 3 ምንጣፍ ይወጣል፣ እናንተ የምትፈልጉት አንድ ነው። ከዚያ በኋላ በሩን የምትከፍቱት እንስሳ ለማስገባት ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ብርሃን

እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው 1.18 እትም የጨዋታው ሕግ ተቀይሯል፤ ከዚያ ወዲህ አብዛኞቹ ጭራቆች የሚፈጠሩት የችቦም ሆነ የሌላ መብራት ብርሃን ጨርሶ በማይደርስበት ጨለማ ነው። የአንድ ችቦ ብርሃን 14 ደረጃ አለው፣ በየብሎኩ አንድ አንድ ይቀንሳል። በአራቱ ማዕዘን አጥሩ ጫፍ ላይ ችቦ ብትተክሉ ውስጡ ይሸፈናል። ከአጥሩ ውጭም ጥቂት ችቦዎች ጨምሩ።

ሦስተኛ፣ ማራባትና ማሳደግ

ለላም፣ ለበግና ለፍየል ስንዴ፤ ለአሳማ ካሮት፣ ድንች ወይም ቀይ ሥር፤ ለዶሮ የስንዴ ዘር፤ ለጥንቸል ካሮት ያስፈልጋል። ምግቡን በእጃችሁ ስትይዙ ይከተሏችኋል፤ ወደ በረቱ የምታስገቧቸውም እንዲሁ ነው። ሁለቱን አብሏቸው፣ የልብ ምልክት ይታያል፣ ሕፃኑ ይወለዳል። ወላጆቹ እንደገና ለመራባት 5 ደቂቃ ማረፍ አለባቸው።

ሕፃኑን የወላጆቹን ምግብ ብታበሉት ቶሎ ያድጋል። እያንዳንዱ ጉርሻ ከቀረው ጊዜ ላይ አንድ አሥረኛውን ይቀንሳል። ልብ በሉ፣ ከቀረው ጊዜ ላይ ነው። ገና እንደተወለደ የምትሰጡት የመጀመሪያው ስንዴ 2 ደቂቃ ሙሉ ይቆጥባል፤ ሊያድግ ሲል የምትሰጡት ግን የሚቆጥበው ጥቂት ሰከንድ ነው። ስለዚህ እንደተወለደ አራት አምስት ጊዜ አብሉትና ተዉት። የቀረው ስንዴ ለሚቀጥለው ጥጃ ይሁን።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ሌላ ነገር አለ። አልጋ ላይ ተኝታችሁ ሌሊቱን ብትዘሉት ጥጃዋ አታድግም፤ የሚቆጠርላት ጨዋታው በትክክል የሠራበት ጊዜ ብቻ ነው። ከበረቱ በጣም ርቃችሁ ከሄዳችሁም ያ አካባቢ ስለሚቆም እድገቷም ይቆማል። እንግዲህ 20 ደቂቃውን በአቅራቢያዋ የሚሠራ ሥራ ፈልጉ፤ ስንዴ መዝራት ከሁሉ ይሻላል።

አራተኛ፣ እውነተኛውን ጠላት እወቁ

ሌሊት ሲመጣ ሁሉም የሚፈራው ዞምቢን ነው። ዞምቢ ግን ጥጃም ሆነ የበግ ግልገል አይነካም። በግንና ጥንቸልን የሚገድለው የዱር ተኩላ ነው፤ ዶሮና ጥንቸል የሚበላው ቀበሮ ነው። ተኩላን አጥሩ ያስቆመዋል። ቀበሮ ግን አደኑ ላይ ሲወረወር ከፍ ብሎ ስለሚዘል ቀበሮ ባለበት ቀዝቃዛ ጫካ የምትኖሩ ከሆነ የጫጩቶቹ ቤት ጣሪያ ይኑረው።

ክሪፐር የተባለው አረንጓዴ ፍጡር ከብት አይፈልግም፤ የሚፈልገው እናንተን ነው፣ ተጠግቶም ይፈነዳል። በረት ውስጥ ቆማችሁ ብትጠብቁት አጥሩንም ጥጃውንም አብሮ ያጠፋል። ጭራቅ ሲከተላችሁ ወደ ከብቶቻችሁ መሮጥ የተለመደ ነው፤ እባካችሁ ተቃራኒውን አድርጉ፣ ከበረቱ አርቁት።

በጃቫ እትም (ኮምፒውተር ላይ ብቻ በሚሠራው የጨዋታው ዓይነት) ሰይፍ አንዱን ሲመታ አጠገቡ ያሉትንም ይቆርጣል። አንድ ላም ልታርዱ ብላችሁ ሁለት ጥጃ ልትገድሉ ትችላላችሁ፤ የተገደለ ጥጃ ደግሞ ሥጋም ቆዳም አይሰጥም። ለማረድ መጥረቢያ ያዙ። የገራችሁት ውሻ ካለም መጀመሪያ አስቀምጡት፤ እናንተ የመታችሁትን እሱም ተከትሎ ይነክሳል።

መብረቅ አሳማን ከመታ አሳማው ወደ ጭራቅ ይለወጣል። በ3 የመዳብ ጥፍጥፍ (ኮፐር ኢንጎት) የሚሠራ የመብረቅ መሳቢያ ዘንግ ከበረቱ ራቅ ባለ ድንጋይ ላይ ትከሉ። እንስሳቱንም አታጨናንቁ፤ በጃቫ እትም ከ24 በላይ የሆኑ እንስሳት በአንድ ቦታ ላይ ከታጨቁ መሞት ይጀምራሉ።

የዔሊ ነገር

ከሁሉም ከባዱ የዔሊ ጫጩት ማሳደግ ነው፤ የልፋትን ዋጋ የሚያሳየውም እሱ ነው። ሁለት ዔሊዎችን የባሕር ሣር አብሏቸው፤ ሣሩ በመቀስ ካልተቆረጠ በእጃችሁ አይገባም። ከሁለቱ አንዷ ወደ ተወለደችበት የባሕር ዳርቻ ተመልሳ አሸዋ ቆፍራ ከ1 እስከ 4 እንቁላል ትጥላለች። በማዶ የተወለደች ከሆነች ረጅም መንገድ ልትዋኝ ትችላለች፤ አትቸኩሏት።

ከላይ ስለ ዞምቢ ያልኩት እዚህ ላይ አይሠራም። ዞምቢ የዔሊ እንቁላል ፈልጎ ሄዶ ይረግጣል፣ የተፈለፈሉትንም ጫጩቶች ያጠቃል። አጽም፣ የዱር ተኩላ፣ ቀበሮና ባለቤት የሌላት ድመትም ጫጩቶቹን አይምሩም። ዔሊዋ ጥላ እንደጨረሰች ወዲያው እንቁላሉን ዙሪያውን አጥሩት፣ ችቦ ትከሉ። ከተረገጠ በኋላ ማጠር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። እናንተም እንቁላሉ ላይ አትቁሙ፣ አትዝለሉ፤ የእናንተም እግር ይሰብረዋል።

እንቁላሉ የሚፈለፈለው ከሥሩ አሸዋ ሲኖር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ሊነጋ ሲል። በየምሽቱ አልጋ ላይ ወጥታችሁ ሌሊቱን ከዘለላችሁት ያቺን ሰዓት አብራችሁ ትዘሏታላችሁ። ስለዚህ በአቅራቢያው ሆናችሁ ሌሊቱን ጠብቁ። የእንቁላሉ ቅርፊት ደረጃ በደረጃ ሲሰነጠቅ ይታያል። ጫጩቶቹ እስኪያድጉ አጥሩን አታፍርሱ፤ እያንዳንዷ ስታድግ አንድ የዔሊ ቅርፊት ትጥላለች። አምስቱ ቅርፊት ውኃ ውስጥ 10 ሰከንድ ተጨማሪ ትንፋሽ የሚሰጥ የራስ ቁር ይሠራል።

ስለ ፈረስ ጥቂት

የተገሩ ሁለት ፈረሶችን በወርቅ ካሮት ወይም በወርቅ ፖም ማራባት ይቻላል። ውርንጭላውን ስኳር ብትሰጡት ግማሽ ደቂቃ፣ ፖም ብትሰጡት አንድ ደቂቃ ከእድገቱ ጊዜ ይቀንሳል። ካደገ በኋላ እንደ አዲስ መግራት ያስፈልጋል። ፈረስን ከአህያ ካዳቀላችሁ በቅሎ ይወለዳል፣ በቅሎም እንደ እውነተኛዋ አትወልድም። የስም መለያ ካገኛችሁ ሰንዳን ላይ ስም ጻፉበትና ለውርንጭላው ስጡት። ፒያሳ አደባባይ ላይ በፈረሳቸው የቆሙት ምኒልክ የፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው ነበር፤ ቴዎድሮስ ደግሞ አባ ታጠቅ ይባሉ ነበር። ለውርንጭላችሁ ከእነዚህ የተሻለ ስም አላውቅም።

መጨረሻ ላይ፣ ዓለሙን አስቀምጡ

መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ከተኩላ እኩል የሚያሰጋው የመብራት መጥፋት ነው። ጨዋታው በየጥቂቱ ራሱን ያስቀምጣል፤ የመጨረሻው ትንሽ ክፍል ግን ሊጠፋ ይችላል። አዲስ ሕፃን ከተወለደላችሁ፣ ወይም ዔሊዎቹ ከተፈለፈሉ፣ አስቀምጦ መውጫውን ተጭናችሁ ወደ ዋናው ገጽ ውጡና ተመልሳችሁ ግቡ። ጊዜ አይፈጅም።

ጌም ቤት ውስጥ የምትጫወቱ ከሆነ ኮምፒውተሮቹ በአንድ ኔትወርክ ከተያያዙ ያለ ኢንተርኔትም አንድ ዓለም መጋራት ይቻላል። አብረው ለሚጫወቱት ሁሉ የበረቱን በር ማን እንደሚከፍት አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ስትወጡም ዓለሙ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ይቀራል፤ የሚቀጥለው ሰው ሊያጠፋው ይችላል። በጃቫ እትም እያንዳንዱ ዓለም «ሴቭስ» (saves) በሚባለው አቃፊ ውስጥ የራሱ አቃፊ ስላለው የጌም ቤቱን ሰው አስፈቅዳችሁ ሙሉውን አቃፊ በፍላሽ ቅዱት። በሌላ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት እትሙ ተመሳሳይ ወይም አዲስ መሆኑን አረጋግጡ፤ በአሮጌ እትም የተከፈተ ዓለም ሊበላሽ፣ እንስሳቱም ሊጠፉ ይችላሉ።