ወፍ ለማየት ገጠር ሲወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

“መቼ ብሄድ ይሻለኛል?” ብሎ ለጠየቀ ሰው የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ከጥቅምት እስከ የካቲት፣ መንገዱ ሲደርቅ። ይህ መልስ ለመኪናው ትክክል ነው። ወፎቹ ግን የየራሳቸው ወቅት አላቸው። በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል፤ ገሚሱ የሰሜኑን ብርድ ሸሽቶ በበጋ ይመጣል፣ ገሚሱ ደግሞ ዝናብ ካልጣለ እንቁላል አይጥልም። ከቢሾፍቱ እስከ ሐዋሳ ባለው ስምጥ ሸለቆና በመካከለኛው ደጋ የሚሠሩት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ካለመለየት የሚመጡ ናቸው።

ክረምቱን መዝለል

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል። ጭቃው፣ ጉሙና ጎርፉ ሰውን ያስፈራዋል፤ ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ለወፍ እንደማይሆን ተደርጎ ይታለፋል። ነገር ግን የአገራችን ወፎች የሚያምሩት ያን ጊዜ ነው።

የመስቀልን ወፍ እንመልከት። በዓመት አንዴ ብቅ የሚል ዘመድ ሲገጥመን በዚህ ወፍ ስም እንወርፈዋለን፤ ወፉ ግን የትም አልሄደም። በየአካባቢው በዚህ ስም የሚጠራው ዝርያ ቢለያይም፣ ብዙዎቹ ዓመቱን ሙሉ እዚያው ማሳ ዳር የሚኖሩ ናቸው። በጋውን ወንዱም ሴቷም ቡናማ፣ ጀርባቸው ጭረት ያለበት፣ ድንቢጥ የሚመስሉ ሆነው በመንጋ እህል ሲለቅሙ ይከርማሉ። ዝናቡ ሲገባ የወንዱ ላባ ይለወጣል፦ አንዱ እንደ ፍም ይቀላል፣ ሌላው ትከሻውና ወገቡ ብቻ ቢጫ ሆኖ የቀረው አካሉ ይጠቁራል፣ ሌላው ደግሞ ከአካሉ የሚረዝም ጭራ ያበቅላል። የመራቢያው ጊዜ ሲያልፍ ያ ሁሉ ጌጥ ይረግፋል። በጥር ሄዶ “ድንቢጥ ብቻ ነው ያለው” ብሎ የሚመለስ ሰው ምናልባት ያንኑ ወፍ አይቶ አልፎታል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ስህተት አለ። ሴቶቹ በክረምትም ቢሆን ቡናማ ናቸው፤ ሰው ዓይኑን ቀዩ ወንድ ላይ ተክሎ ከሥሩ ሣር ውስጥ የሚመላለሱትን ቡናማ ወፎች የሌላ ዝርያ ናቸው ብሎ ይመዘግባል። ወንዱ በአንድ ወቅት ከብዙ ሴቶች ጋር ስለሚራባ፣ አካባቢውን ታግሶ ለተመለከተ የሚስቶቹን ጎጆዎች እንኳ መገመት ይቻላል።

ክሬን ሁሉ አንድ ነው ብሎ ማሰብ

ክሬን የሚባሉት ረጃጅም እግርና አንገት ያላቸው ወፎች በአገራችን አንድ የቀን መቁጠሪያ የላቸውም። ግራጫዎቹ እንግዶች ናቸው፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ይቆዩና ወደ ሰሜን ይመለሳሉ። አናቱ ላይ ወርቃማ ዘውድ የመሰለ ላባ ያለው ጥቁሩ ክሬን ግን ነዋሪ ነው፤ በጣና ዙሪያ በየትኛውም ወቅት ሊታይ ይችላል። ከመንቁሩ ሥር ነጭ ሎቲ የሚንጠለጠልበት ትልቁ ክሬን ደግሞ በክረምት በባሌ ተራሮች ረግረጋማ ሜዳዎች ይራባል፣ በበጋ ዝቅ ወዳሉ ረግረጎች ይወርዳል።

ግራጫዎቹን ፍለጋ በቢሾፍቱ ዙሪያ በእኩለ ቀን ውኃ ዳር የሚቆም ሰው ባዶውን ይመለሳል። ሌሊቱን ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው የሚያሳልፉት ከአውሬ ለመጠበቅ ነው፤ ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው የታጨደ ማሳ ውስጥ የረገፈ እህል ሲለቅሙ ይውላሉ። ስለዚህ ቀን ቀን ማሳውን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ውኃውን መጠበቅ ነው። ሲመለሱ ከመታየታቸው በፊት ጥሩምባ የሚመስለው ድምፃቸው ይሰማል።

ለሁሉም ወፍ በንጋት መነሣት

ለትንንሾቹ ወፎች ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ያለው ጊዜ ወደር የለውም። ንስርና ጥንብ አንሣ ግን ሰውነታቸው ከባድ ስለሆነ መሬቱ ሞቆ አየሩ ወደ ላይ እስኪነሣ ድረስ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ሰማይ ማየት ብርድ መጠጣት ነው።

በድሮ ፎቶግራፍ ተመርቶ አብያታ መሄድ

በስምጥ ሸለቆው ያለው የአብያታ ሐይቅ ፍላሚንጎ በሚባሉት ረጃጅም እግር ወፎች ሮዝ ሆኖ የሚታይባቸው ፎቶግራፎች እውነተኛ ናቸው፤ ሐይቁ ግን ዛሬ ያኔ የነበረበት ቦታ ላይ የለም። ገባር ወንዞቹ ለመስኖ በመዋላቸውና ውኃው ለሶዳ አሽ (ለመስታወትና ለሳሙና መሥሪያ የሚውል ኬሚካል) ምርት በመወሰዱ ዳርቻው ብዙ ሸሽቷል። ትንሹ የፍላሚንጎ ዝርያ የሚመገበው ጨዋማ ውኃ ላይ የሚበቅል ደቃቅ አልጌ ነው፤ ምግቡ ሲያንስ ወደ ሌላ ሐይቅ ይሄዳል። ስለዚህ “በዚህ ወር ይገኛል” የሚለውን ከማመን የአብያታ-ሻላ ብሔራዊ ፓርክን ጠባቂዎች ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። ፔሊካን የሚባሉት ዓሣ በል ትልልቅ ወፎች ነገርም እንዲሁ ነው፦ በአጎራባቹ ሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ እየተራቡ ዓሣ ፍለጋ ወደ አብያታ ይሻገሩ ነበር፤ የአብያታ ዓሣ ሲመናመን ያ ትዕይንትም ተመናመነ።

ዳርቻው ላይ ደግሞ በመኪና አይሂዱ። ላይ ላዩ የደረቀው አፈር ከሥሩ ረግረግ ነው።

ብርቅ ወፍ ሩቅ ብቻ ነው ማለት

ብርቅዬ ወፍ ለማየት ቦረና ድረስ የሚጓዝ ሰው አዲስ አበባ ላይ በየማለዳው በጣሪያው በኩል እየጮኸ የሚያልፈውን፣ ከጉሮሮው ሥር ሥጋ የሚንጠለጠልበትን አይቢስ ቀና ብሎ አያየውም። ያ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ የለም። መንቁሩ ከፊቱ የሚከብድ የሚመስለው፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ትልቁ ቁራም የአፍሪካ ቀንድ ብቻ ነው።

የባይኖኩላር (የሩቅ ማያ መነጽር) ነገር አጭር ነው፦ 12 እጥፍ የሚያጎላ ሲይዙት ይንቀጠቀጣል፤ 8 እጥፍ ይበቃል።

ረግረግ ውስጥ ገብቶ ወፍ ማስነሣት

በሱሉልታና በበርጋ ረግረጎች ከሐምሌ ጀምሮ ነጭ ክንፍ ፍላፍቴል የምትባል፣ ከመጥፋት አፋፍ የደረሰች ትንሽ ወፍ ትራባለች። ጎጆዋን የምትሠራው ረዥሙ የረግረግ ሣር ውስጥ ነው፤ ከብት ቀድሞ ከገባበት ወይም ሣሩ ቶሎ ከታጨደ ትከስራለች። እሷን ለማየት ሰልፍ ሠርቶ ሣሩን እየረገጡ ማስነሣት ከከብቱ አይሻልም። በስልክ ድምፅ እያጫወቱ መጥራትም ያው ነው፤ ወፏ እንቁላሏን ትታ ተቀናቃኝ ፍለጋ ትወጣለች። ደረቁ ዳር ላይ ቆሞ መጠበቅ ይሻላል፤ ባትታይም እንኳ በሱሉልታ ሜዳ ከኢትዮጵያ ውጪ የማይገኘው ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ሊያጋጥም ይችላል። አንገቱን አጥፎ ጭንቅላቱን ጀርባው ላይ አሳርፎ ስለሚራመድ ከሩቅ ይለያል።