ጌሙ ተገዝቷል፣ ግን አይከፈትም፦ ከሠሪው፣ ከስቲም ወይስ ከቴሌግራም? ችግርና መፍትሄ

የኮምፒውተር ጌም በሦስት መንገድ ይገዛል። ከሠሪዎቹ ድረ ገጽ በቀጥታ፣ እንደ ስቲም፣ ኤፒክና ጎግ ካሉ ዲጂታል ሱቆች፣ ወይም የጌም መክፈቻ ኮድ ቴሌግራም ላይ ከሚቸረችር ሰው። ችግር ሲመጣ ሁሉም የሚለው አንድ ነው፦ "ጌሙ እምቢ አለኝ።" መፍትሄው ግን ከየት እንደተገዛ ይለያያል። ደሴ፣ ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ ሆኖ ለሚጫወት ሰው ደግሞ መብራቱም ኔትወርኩም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ስለዚህ እኔ ከዋጋው በፊት የማየው ኢንተርኔት በሌለ ቀን ጌሙ ይከፈታል ወይ የሚለውን ነው።

ችግር፦ ክፍያው ይመለሳል

የብር ኤቲኤም ካርድ ከሆነ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ስቲም ብርም ቴሌብርም አይቀበልም፤ በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ነው የሚፈልገው። ወሎ ውስጥ የተለመደው መንገድ ግን ሌላ ነው። ጅዳ ወይም ዱባይ ያለች እህት የካርዷን ቁጥር በኢሞ ትልካለች። ወንድም ደሴ ቁጭ ብሎ አካውንቱ ላይ ይሞላዋል። ስቲም እምቢ ይላል።

ምክንያቱ አገሩ አለመግጠሙ ነው። አካውንቱ የኢትዮጵያ፣ ካርዱ የሳዑዲ። ዋጋው በየአገሩ ይለያያል፤ ለሳዑዲ በሪያል፣ ለኤምሬትስ በድርሃም፣ ለእኛ በዶላር ነው የሚታየው። ሰው የሚረክስበትን አገር እያሳደደ እንዳይገዛ ሱቁ ይጠብቃል። ቪፒኤን አብርቶ ሌላ አገር ያሉ መምሰል ደንብ መጣስ ነው፤ አካውንት ሊያሳግድ ይችላል።

መፍትሄ፦ የካርድ ቁጥር መላላኩን ተዉት። እሷ እዚያው ካለ ሱቅ የስቲም ካርድ ገዝታ፣ ፍቃ፣ ኮዱን ፎቶ አንስታ ትላክላችሁ። በሪያል የተገዛው ስቲም ላይ ወዳላችሁ ሂሳብ (ዋሌት) ገንዘብ ተመንዝሮ ይገባል። ስቲም ላይ ዲጂታል የስጦታ ካርድ መላክም አለ። ለዚያ ግን ጓደኛ ሆናችሁ ቢያንስ ሦስት ቀን መቆየት አለባችሁ። አምስት ዶላር ያልወጣበት አዲስ አካውንት ደግሞ ለማንም የጓደኝነት ጥያቄ መላክ አይችልም። እህታችሁ ጌም የማትጫወት ከሆነ በዚህ አታድክሟት።

ከሠሪው ሲገዛ ይህ ጣጣ ያንሳል። ብዙ ትንንሽ ዴቨሎፐሮች (ጌም ሠሪዎች) በሚሸጡበት ኢች ዶት አይኦ ላይ እሷ በራሷ ካርድ ከፍላ የእናንተን ኢሜይል ብታስገባ፣ የማውረጃው ሊንክ ወደ እናንተ ይመጣል። አካውንት እንኳ ማውጣት ግዴታ አይደለም።

ችግር፦ ኮዱ አይሠራም፤ ወይም ሠርቶ ጠፋ

ዶላር እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር። ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ከ100 ብር አልፏል። ስለዚህ 35 ዶላር የሚሸጥ ጌም ከ3,500 ብር በላይ ነው። አንዱ ቴሌግራም ላይ "ኦርጅናል ኮድ፣ በግማሽ ዋጋ" ብሎ ሲለጥፍ ልብ ቢሸፍት አይገርምም።

መጀመሪያ ስቲም ያለውን በደንብ አንብቡ። "ኢንቫሊድ" ካለ ብዙ ጊዜ የአጻጻፍ ስህተት ነው። ኮዱ በፎቶ ከመጣ ቢ ከ8፣ ኦ ከዜሮ፣ ኤስ ከ5 ይምታታሉ። "ዱፕሊኬት" ካለ ሌላ ሰው ተጠቅሞበታል፤ እሱ ኮድ አለቀለት። አገራችሁ ላይ አይሠራም ካለ ለሌላ አካባቢ ብቻ የወጣ ነው። ደጋግማችሁ ከሞከራችሁ ለጊዜው ይዘጋባችኋል፤ አረፍ ብላችሁ ተመለሱ።

የከፋው ሠርቶ የሚጠፋው ነው። ጌሙ ይወርዳል፣ ትጫወታላችሁ፣ ከሳምንታት በኋላ ላይብረሪ ውስጥ የለም። ነገሩ እንዲህ ነው። ሌባ በተሰረቀ ካርድ ከሠሪው ድረ ገጽ ኮዶች ይገዛል። ቶሎ አርክሶ ይሸጣል። የካርዱ ባለቤት ለባንኩ ሲያመለክት ባንኩ ገንዘቡን ከሠሪው ይነጥቃል፤ በላዩ ላይ የአገልግሎት ቅጣት ያስከፍለዋል። ሠሪው ኮዱን ያሰርዛል። ሌባው ገንዘቡን ይዞ ሄዷል፤ ኪሳራው የሠሪውና የእናንተ ነው። ጂቱኤ የተባለው የኮድ ገበያ እ.ኤ.አ. በ2020 በድረ ገጹ የተሸጡ 198 የፋክቶሪዮ ኮዶች በሕገ ወጥ መንገድ የተገኙ መሆናቸውን አምኖ ለጌሙ ሠሪዎች ለዊዩብ 39,600 ዶላር ከፍሏል። ትልቁ ገበያ ላይ እንዲህ ከሆነ፣ ስሙን በየሳምንቱ የሚቀይር የቴሌግራም ቻናል ላይ ምን እንደሚሆን አስቡት።

መፍትሄ፦ ስቲም ለዚህ ገንዘብ አይመልስም፤ ከእሱ አልተገዛማ። ያላችሁ ሻጩን መያዝ ብቻ ነው። ለወደፊቱ ከሠሪው ድረ ገጽ ጀምሩ፤ ጌሙ የት የት እንደሚሸጥ ብዙ ጊዜ እዚያ ተጽፎ ይገኛል።

ኮድ ሁሉ የሌባ ነው ማለት ግን አይደለም። የስቲም ባለቤት ቫልቭ ዴቨሎፐሮች የስቲም ኮድ አውጥተው በራሳቸው ገጽ እንዲሸጡ ይፈቅዳል፤ ከዚያ ሽያጭ ድርሻ አይወስድም። ስቲም ላይ ሲሸጥ ግን በመደበኛው 30 በመቶው ለሱቁ ነው። ኤፒክ እ.ኤ.አ. በ2018 ሱቁን ሲከፍት 12 በመቶ ይበቃኛል ብሎ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ፋክቶሪዮን ከራሱ ድረ ገጽ ብትገዙ የሚወርደው ፋይልም የስቲም ኮዱም በአንድ ክፍያ ይመጣል። ዋጋው ያው 35 ዶላር ነው፤ ሠሪዎቹ ቅናሽ የሚባል ነገር አያውቁም። እኔ ምርጫ ሲኖረኝ እንዲህ ያለውን ነው የምገዛው።

ችግር፦ 90 በመቶ ደርሶ ከዜሮ ይጀምራል

ክረምት ነው። ጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል፣ ዝናቡ ጀመረ፣ መብራት ሄደ፣ ራውተሩም አብሮ ጠፋ። ስቲም ላይ ከነበራችሁ አብሽሩ፤ መብራቱ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። ከሠሪው ገጽ በብራውዘር እያወረዳችሁ ከነበረ ግን ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ ነው። ሊንኩም ጊዜው ሊያልፍበት ይችላል።

መፍትሄ፦ ካቆመበት የሚቀጥል የማውረጃ ፕሮግራም ጫኑ። ከኢች የገዛችሁትን በኢች በራሱ አፕ አውርዱ። ሊንኩ ካለፈበት ወደ ገጹ ተመልሳችሁ አዲስ ሊንክ ውሰዱ፤ እንደገና መክፈል የለም። ጎግ ትልልቅ ጌሞችን ቆራርጦ ነው የሚሰጠው። አንዱ ቁራጭ ቢበላሽ ያንን ብቻ ማውረድ ይበቃል።

ፒያሳ ደህና ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዳችሁ በፍላሽ ቤት ልትወስዱ ነው እንበል። ፍላሹ 32 ጊጋ ነው፤ ባዶ ነው። ፋይሉ 6 ጊጋ ብቻ ነው። ዊንዶውስ ግን "ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው" ይላል። ፍላሹ አልተበላሸም። ፋት 32 በሚባለው ነው ፎርማት የተደረገው፤ እሱ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ ካለፈ አይዝም። በውስጡ ያለውን ሌላ ቦታ አስቀምጡና ኤክስፋት ብላችሁ ፎርማት አድርጉት።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ስቲም በአንድ ኔትወርክ ላይ ካለ ኮምፒውተር ጌሙን መቅዳት ይችላል። ጓደኛችሁ ያንኑ ጌም ካወረደ፣ ሁለታችሁም ስቲም ገብታችሁ በአንድ ዋይፋይ ላይ ሁኑ። ሴቲንግ ውስጥ ዳውንሎድ የሚለው ጋ የኔትወርክ ዝውውሩን ፍቀዱ። 40 ጊጋውን ከጓደኛችሁ ላፕቶፕ ይጎትተዋል፤ ፓኬጃችሁ አይነካም ማለት ይቻላል። ጌሙን ግን እናንተም ገዝታችሁት መሆን አለበት።

ችግር፦ ኢንተርኔት ሲጠፋ ጌሙም ይጠፋል

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት ሲያስቆጥር ይህ የገባው ገብቶታል። ጌሙ ሃርድ ዲስኩ ላይ አለ፤ ስቲም ግን መጀመሪያ ግባ ይላል። ምክንያቱ ስቲም ላይ የምትገዙት የመጫወት ፈቃድ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ሱቁ ራሱ መክፈያ ገጹ ላይ ይህን ጽፎ ያሳያል።

መፍትሄ፦ ኔትወርክ ሳለ ተዘጋጁ። ስቲም ውስጥ ገብታችሁ ጌሙ አፕዴት ጨርሶ እንደሆነ አረጋግጡ፣ አንዴ ከፍታችሁ ዝጉት፣ ከዚያ "ጎ ኦፍላይን" የሚለውን ንኩ። ኔትወርኩ ከጠፋ በኋላ ይህን ልሞክር ማለት ብዙ ጊዜ ዘግይቷል። በኦንላይን ብቻ የሚሠሩ ጌሞች ግን በዚህም አይድኑም።

ጎግ፣ ብዙዎቹ የኢች ጌሞችና ከሠሪ በቀጥታ የሚወርዱ አንዳንዶች ቁልፍ የለባቸውም፤ ለመክፈት ሱቁን ማስፈቀድ አያስፈልግም። ኢንስቶለሩን አውርዳችሁ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ላፕቶፑ ቢቃጠል፣ ሱቁ ቢዘጋ፣ ኔትወርኩ ቢሄድ ጌሙ የእናንተ ነው። ወሎ ላይ ላለ ሰው ለዚህ ትንሽ ጨምሮ መክፈል ያዋጣል ባይ ነኝ።

አጫጭር ችግሮች

ዲኤልሲ (የጌሙ ተጨማሪ ክፍል) ገዝታችሁ ካልታየ፣ ዋናው ጌም ከሌላ ሱቅ ነው። የጎግ ጌም የስቲም ዲኤልሲ አይቀበልም። መልሳችሁ ከትክክለኛው ሱቅ ግዙ።

ከጓደኛ ጋር አላገናኝ ካለ ቨርዥኑን አስተያዩ። የስቲሙ በራሱ አፕዴት ይሆናል፤ ከሠሪው ያወረዳችሁት ግን እናንተ ካላደሳችሁት ባለበት ይቆማል።

ሰማያዊ ሳጥን መጥቶ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን እንደጠበቀ ቢናገር፣ ትንንሽ ዴቨሎፐሮች ላይ የተለመደ ነው። ፋይሉ ከራሳቸው ገጽ የወረደ ከሆነ "ሞር ኢንፎ" ከዚያ "ራን ኤኒዌይ" በሉ። ከቴሌግራም የመጣ ከሆነ ደልቱት።

ስቲም ዊንዶውስ 7 ላይ አልከፍት ካለ፣ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ድጋፉ ቆሟል። ለአሮጌ ማሽን የጎግ የድሮ ጌሞች ይሻላሉ።

ማይንክራፍት ጃቫን ስቲም ላይ አትፈልጉት፤ የሚሸጠው በራሱ ድረ ገጽና በማይክሮሶፍት በኩል ነው። የድሮውን የሞጃንግ (የጌሙ ሠሪ) አካውንት እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ድረስ ወደ ማይክሮሶፍት ያላዛወረ ሰው ደግሞ እንደገና መግዛት ነው ያለው። በቀጥታ መግዛትም እንዲህ ያለ ጣጣ አለው።

ችግር፦ ገንዘቤን መልሱልኝ

ስቲምና ኤፒክ በተገዛ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወታችሁ ይመልሳሉ። ጎግ 30 ቀን ይሰጣል። የሠሪው ገጽ የራሱ ደንብ አለው፤ የትእዛዝ ቁጥሩን ይዛችሁ ኢሜይል ጻፉ። ስቲም ላይ ጌሙ ላፕቶፑን ከከበደው ሁለቱ ሰዓት ሳይሞላ ወስኑ፤ ሜኑ ላይ ከፍታችሁት ሻይ ልትጠጡ የወጣችሁበትም ይቆጠራል። በስጦታ ካርድ ከከፈላችሁ የሚመለሰው ወደ ስቲም ዋሌት ነው፤ ከዚያ ወጥቶ ብር አይሆንም።