በመከራ ውስጥ ዋጋ ያለውን ነገር እንዴት እንፈልግ? ከዮሴፍ ሕይወት የተወሰደ መመሪያ

አንድ ክርስቲያን ከችግሩ ጥቅም እንዲያገኝ ሲመከር፣ ብዙ ጊዜ ክፉውን ነገር ፈጥኖ መልካም ብሎ እንዲጠራ የተጠየቀ ይመስለዋል። የዮሴፍ ታሪክ (ዘፍጥረት 37–50) የሚያሳየው ግን ሌላ መንገድ ነው።

በመጀመሪያ በደልዎን በስሙ ይጥሩት። ዮሴፍ በግዞት ቤት ሳለ ለጠጅ አሳላፊዎች አለቃ ሲናገር፣ ከዕብራውያን አገር ተሰርቆ እንደ መጣና ለእስር የሚያበቃ ምንም እንዳላደረገ አልሸሸገም። እርስዎም ማታ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ደብተር ይዘው ይቀመጡና የደረሰብዎትን ሳያለዝቡ ለእግዚአብሔር ይጻፉለት። ቃላት ካጡ መዝሙር 13ን (በሰብዓ ሊቃናት አቆጣጠር 12ን) ያንብቡ፤ ዳዊት «እስከ መቼ» እያለ ደጋግሞ ይጮኻል፣ ይህም እሮሮ ከጸሎት ተቆጥሮ በቅዱሱ መጽሐፍ ውስጥ ተቀምጧል።

ቀጥሎ መውጫ ይፈልጉ። ዮሴፍ ያንኑ አለቃ «ለፈርዖን ንገርልኝ» ብሎ ለምኖታል፤ እምነቱም ከዚህ አላገደውም። ስለዚህ ሕክምና መከታተል፣ ሽማግሌ መላክ፣ ሲያስፈልግም ፍርድ ቤት መሄድ እምነት ማነስ አይደለም። በተለይ ባሏ የሚደበድባትን ሴት «መስቀልሽ ነው፣ ተሸከሚው» ብሎ መምከር ከባድ ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ፤ እርሷ ከሁሉ አስቀድሞ ከአደጋው መውጣት አለባት።

ከታሪኩ ሁሉ እጅግ የሚያስደንቀኝ በምዕራፍ 40 ቁጥር 7 የሚገኘው ጥያቄ ነው። ዮሴፍ፣ ራሱ ያለ ጥፋቱ ታስሮ ሳለ፣ ሁለቱን የፈርዖን ሹማምንት በማለዳ አይቶ ስለ ምን ፊታቸው እንዳዘነ ጠየቃቸው። የራሱ ሐዘን የሌላውን ፊት እንዳያይ አልጋረደውም፤ በኋላ ወደ ፈርዖን ያደረሰው መንገድም የተከፈተው በዚህ ጥያቄ ነበር። ጳውሎስም በ2ኛ ቆሮንቶስ 1፥4 እግዚአብሔር የሚያጽናናን እኛም በመከራ ያሉትን ማጽናናት እንድንችል መሆኑን ይናገራል። እንግዲህ መከራው ምን እንዳስተማረዎት ለማወቅ ከፈለጉ፣ በዚያው መከራ ውስጥ ያለ አንድ ሰው ፈልገው ምን እንደሚያስፈልገው ይጠይቁት። በኩላሊት እጥበት ላይ የቆየ ታማሚ አዲስ የመጣውን «መሃል ላይ ብርድ ሊሰማህ ይችላልና ጋቢ ይዘህ ና» ሲለው፣ ይህን ምክር የሰጠው ያ አስቸጋሪ ወንበር ያስተማረውን ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በደብተርዎ ላይ ይጻፉት፤ ትንሽ መስሎ ስለሚታይ በቀላሉ ይረሳልና።

ትርጉሙን ግን በግድ ለማውጣት አይቸኩሉ። ዮሴፍ በተሸጠበት ጊዜ አካባቢ 17 ዓመቱ ነበር፤ በፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ሆኖታል። ወንድሞቹን «እናንተ ክፉ አሰባችሁብኝ፣ እግዚአብሔር ግን ለመልካም አሰበው» ያላቸው ደግሞ ከአባቱ ሞት በኋላ ነው። ሰባቱን የጥጋብ ዓመታት፣ አባቱ ያዕቆብ ወደ ግብፅ እስኪወርድ ያለፉትን ሁለት የረሃብ ዓመታትና ያዕቆብ በግብፅ የኖረባቸውን 17 ዓመታት ብንደምር፣ ከተሸጠ ወደ 39 ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ያን ጊዜ እንኳ የወንድሞቹን ሥራ ክፉ ከማለት አልተመለሰም። ስለዚህ ደብተርዎን በየዓመቱ፣ ለምሳሌ በዘመን መለወጫ ወይም በዐቢይ ጾም፣ ደግመው ያንብቡት፤ የተለወጠ ነገር ካለ ቀኑን ጠቅሰው ከጎኑ ይጻፉ፣ ከሌለም ገጹን ባዶ ይተዉት።

ለሌላ ሰው መከራ ትርጉም ለመስጠት ከመነሣት ደግሞ ይጠንቀቁ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው አብረውት ሲቀመጡ መልካም አድርገው ነበር፤ ስለ እግዚአብሔር ቅን ነገር ባለመናገራቸው የተወቀሱት መናገር ከጀመሩ በኋላ ነው። ለቅሶ ቤት ሲገቡ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለው ይቀመጡ፤ «ለበጎ ነው» የሚለውን ቃል ሐዘንተኛው ራሱ ካላነሣው እርስዎ አያንሡበት።