ቀይ ወይን ቤት ስትጋብዙ ዕጣኑን አቆዩት

ወይን ለመቅመስ እንግዳ ከጠራችሁ ቤቱን በዕጣን አታጥኑት። ከዚህ የምጀምረው እኔ ራሴ የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ስለሆነ ነው። አራት ኪሎ ያለችው ኮንዶሚኒየሜ አምስት ሰው ጠርቼ፣ ቄጠማ ጎዝጉዤ፣ ቡና ቆልቼ፣ ዕጣኑን እፍ ብዬ ቤቱ ጉም ከለበሰ በኋላ ጠርሙሱን ከፈትኩት። ሁሉም ብርጭቆውን አሸተተ። ለሁሉም ዕጣን ሸተተው። የወይን ጣዕም የምንለው አብዛኛው በአፍንጫ ነው የሚመጣው፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ቀይ ወጥና አልጫ አይለይም አይደል? ያው ነው። ስለዚህ ቡናው ከወይኑ በኋላ ይፈላ።

ቀን ስትመርጡ ረቡዕና አርብን እለፉ፤ ጾመኛው ሥጋውንም ወይኑንም እያየ እንዲቀመጥ ማድረግ ደስ አይልም። ለማይጠጣ ሰው አምቦ ውሃ ቀድማችሁ ያዙ፣ "ትንሽ ብቻ" እያላችሁም አታስጨንቁት።

አንድ ዓይነት ብዙ ጠርሙስ ከመግዛት ሁለት የተለያየ ይሻላል፣ ሰው ጣዕም የሚለየው ሲያወዳድር ነውና። ጉደር ድራይ ነው፣ ማለትም ስኳርነት የሌለው፤ አክሱማይት ጣፋጭ። ሁለቱም ከአዋሽ ወይን ጠጅ የሚወጡ የቆዩ ስሞች ናቸው። ከዝዋይ፣ ማለትም ከባቱ፣ የሚመጣው የካስቴል ወይን እ.ኤ.አ. በ2014 ነው ገበያ የገባው። ሪፍት ቫሊ የሚለውን በወይኑ ዘር ለይተው ነው የሚሸጡት፤ ሜርሎ አለ፣ ሲራ አለ፣ ካበርኔ ሶቪኞ አለ። አካሺያ ደግሞ ጣፈጥ ይላል። አንድ 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስድስት ሰው 125 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። ለቅምሻ ይበቃል፤ ለጨዋታ ግን አይበቃም፣ እወቁት።

"ቀይ ወይን አይቀዘቅዝም" የሚባለውን እርሱት። አብዛኛው ቀይ ወይን ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ላይ ጥሩ ነው። የአዲስ አበባ ምሽት ብዙ ጊዜ እዚያው አካባቢ ነው፣ ግን ወጥ ሲንተከተክ የዋለበት ቤት ሌላ ነገር ነው። ጠርሙሱ ምድጃ አጠገብ ከዋለ እንግዳ ከመድረሱ በፊት ለ20 ደቂቃ ፍሪጅ አስገቡት። ሲሞቅ አልኮሉ ብቻ አፍንጫችሁ ውስጥ ይገባል።

አከፋፈቱ ላይ ብዙ አልቆይም። የቡሽ መክፈቻውን መሃል ላይ ትከሉና ቀጥ አድርጋችሁ አዙሩ፣ አንድ ዙር ሲቀር አቁሙ፣ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ቡሹ ከተሰበረ ወደ ውስጥ ግፉትና በሻይ ማጥለያ ቅዱ፤ ወይኑ ምንም አይሆንም። ከዚያ መጀመሪያ ለራሳችሁ ጠብ አድርጋችሁ ቅመሱ። ድሮ ጠጅ አሳላፊው በእጁ መዳፍ ጠብ አድርጎ ይቀምስ የለ? እዚህ የምትፈልጉት የሻገተ፣ እርጥብ ካርቶን ካርቶን የሚል ሽታ መኖር አለመኖሩን ነው። ካለው ቡሹ አበላሽቶታል፣ ሌላ ክፈቱ።

ብርጭቆው ሆዱ ሰፋ፣ አፉ ጠበብ ያለ ይሁን፤ ብርሌም እንደዚያው ነው። ሲሶውን ብቻ ቅዱ። እኛ ጋ ጎዶሎ መቅዳት ስስት ይመስላል፣ ግን ሞልቶ የተቀዳ ብርጭቆ ሲያዟዙሩት የጠረጴዛ ጨርቁ ላይ ነው የሚደፋው። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ በእግሩ ይዛችሁ አዟዙሩ፣ አሽትቱ፣ ትንሽ ተጎንጭታችሁ ሳትውጡ አፋችሁ ውስጥ አንሸራሽሩት።

እንግዶቻችሁ የባለሙያ ቃል እንዲያወሩ አትጠብቁ። ከሁላችን በላይ የቀመሱት አክስቴ ናቸው። ሪፍት ቫሊውን ጎንጨት አሉና ፊታቸውን አጨፍግገው "ይሄ ነገር ብዙ የቆየ ሻይ ነው እንዴ፣ ምላሴን ያዘው!" አሉ። ልክ ናቸው። ቀይ ወይን ከነልጣጩና ከነፍሬው ስለሚጠመቅ ታኒን ይወጣበታል፣ ምላስ የሚይዘው እሱ ነው፤ ሻይ ውስጥም አለ። ክትፎ አጉርሻቸው ድጋሚ ሲቀምሱ "አሁን ለሰለሰ" አሉ፤ ቅቤና ሥጋ ታኒኑን ያበርደዋል።

በተቃራኒው ዶሮ ወጥ ከድራይ ወይን ጋር አይስማማም። በርበሬው ላይ አልኮልና ታኒን ሲጨመር ቃጠሎው ይብሳል። ለዶሮ ወጥ ጣፈጥ ያለውን፣ ቀዝቀዝ አድርጋችሁ አቅርቡ። ድራዩን ለክትፎና ለጥብስ ያዙት፣ ሚጥሚጣው ግን ለየብቻ ይቅረብ። ስታቀምሱም ድራዩ ይቅደም፤ ጣፋጩ ከቀደመ ድራዩ ኮምጣጤ ይመስላል።

አንዱ ጓደኛችሁ ኮካ መጠየቁ አይቀርም። ስጡት፣ ቤታችሁ ነው እንጂ የፈተና ክፍል አይደለም። ብቻ መጀመሪያ ሳይደባልቅ አንዴ ይቅመስ። መኪና ይዞ የመጣውን ደግሞ ቁልፉን ተቀብላችሁ ራይድ ጥሩለት።

የተረፈውን ቡሹን መልሳችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ፤ ቀይም ቢሆን። ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ከዚያ ካለፈ እኔ ጥብስ ላይ ነው የምጨምረው፣ ሽንኩርቱ ቁሌት ሆኖ ሥጋው ከመግባቱ በፊት።